የማይቆረጥ ዘፈን

«ይቺን ደብዳቤ ከዘፈኑ ውስጥ አውጣልኝ» ይላል ሃቨርስቶ፣ ጣቱን የግጥሙ ወረቀት ላይ ተክሎ።

«አላወጣም» ይላል የግጥሙ ደራሲ ሃሪ ፕሊስኪን።

ፕሮዲውሰሩ አይቆጣም። ሃሪን የሚያበግነውም ይኸው አለመቆጣቱ ነው። ከምሳ የተረፈ ሳንድዊቹን እያላመጠ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ያስረዳዋል። በአሜሪካ ደቡብ ክፍል ያሉ ሲኒማ ቤቶች ጥቁር ዘፋኝ ለብቻዋ ደምቃ የምትታይበትን ትዕይንት ቆርጠው ይጥላሉ። ስቱዲዮውም ይህን ስለሚያውቅ የእነዚህን ዘፋኞች ዘፈን ምንጊዜም ከታሪኩ ነጥሎ ያስቀምጠዋል፤ እንደ ትርፍ የኮት ቁልፍ በጥሶ ለመጣል እንዲመች።

«አንተ ምን አደረግህ? የፊልሙን ዋና ልጅ ደብዳቤ ያቃጠለው ወንድሟ መሆኑን ኦዴሳ በዘፈን እንድትናገር አደረግህ። ከሷ ሌላ አንድም ሰው አይናገረውም! ዘፈኑ ሲቆረጥ ተመልካቹ ልጅቱ መጨረሻ ላይ ለምን ወደ መርከቡ እንደምትሮጥ በምን ይወቅ?»

«አይቁረጡታ!»

«እሺ፣ ሚሲሲፒ ሂድና ንገርልኝ።»

ኦዴሳ ፍራይርሰን የፒያኖው ወንበር ላይ ተቀምጣ ጥፍሯን ታያለች። ስለ እሷ የሚነጋገሩት እንደሌለች ቆጥረው ነው። በሦስት ፊልሞች የሃሪን ግጥሞች ዘፍናለች፤ ሦስቱም ደቡብ ሲደርሱ ተቆርጠዋል። በአራተኛው ሃሪ ተንኮል አሰበ፤ የታሪኩን ቋጠሮ እሷ ዘፈን ውስጥ ደበቀው። አራት ወር ሙሉ ከአለቆቹ ማንም አልነቃበትም ነበር።

«መፍትሔው ቀላል ነው» ይላል ሃቨርስቶ። «ፊልሙ ላይ ያለው የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ አንድ ዐረፍተ ነገር ይናገርልን፤ አለቀ። ዐረፍተ ነገሩን ጻፍና ደብዳቤውን ከዘፈኑ አውጣ። አልጽፍም ካልክ ዘፈኑን ለነጯ ዘፋኝ ለዶሪን እሰጠዋለሁ። ዶሪን እንደሆነች ፀጉሯ ወርቅ ነው፤ የትም አገር ትታያለች። አሥር ደቂቃ አለህ።»

ወጥቶ በሩን ቀስ ብሎ ይዘጋል።

ሃሪ መጮኽ ይፈልጋል። በዚህ ክፍል ውስጥ ያልጮኸበት ነገር የለም፤ ስለ ደራሲዎች ማኅበር፣ ስለ ተሰረዘ ስንኝ፣ ስለ ተሰረቀ ስም። ስድብ አያልቅበትም ነበር። ዛሬ ግን ወደ በሩ አንድ እርምጃ ብቻ ይራመዳል።

«ፈሪ! የፈሪ ልጅ!» ይላል በሩን እያየ። ድምፁ ለራሱም ይቀዘቅዘዋል።

«ጻፍለት» ትላለች ኦዴሳ። ሰው ፊት «እርስዎ» ትለዋለች፤ ብቻቸውን ሲሆኑ «አንተ» ነው።

«ምኑን?»

«የእንግዳ ተቀባዩን።»

«አንቺ ደግሞ! ከጻፍኩ እኮ ይቆርጡሻል።»

«ዱሮስ መቼ ተዉኝ? እናቴ ሦስቱንም ፊልሞች ከፍላ ገብታ፣ ለኛ ለጥቁሮች ከተመደበው ሰገነት ላይ ሆና አየች። እኔን ግን አላየችኝም። ‹አንቺ ልጅ፣ እውነት ካሊፎርኒያ ነው ያለሽው?› ብላ ጻፈችልኝ።»

ሃሪ ይስቃል፤ ሳቁ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል።

«ለዚህ እኮ ነው የደበቅሁት! አንዴ እንኳ እንድታይሽ...»

«አውቃለሁ። ግጥሙን የሰጠኸኝ ቀን ነው የነቃሁት።» ወረቀቱን ታነሳለች። «ግን አንድ ቀን ጠይቀኸኛል? እስቲ አንብበው። ስለ ራሴ ሰው እጀምራለሁ፤ ባሕር ስለ በላብኝ ሰው። ሰዉ ጆሮውን ሲሰጠኝ የኔን ጣጥዬ የዚያችን ልጅ ደብዳቤ አደርሳለሁ። እናቴ ሠላሳ ዓመት ሰው ቤት ትሪ ተሸክማለች። እኔን ደግሞ አንተ በዜማ ተላላኪ አደረግኸኝ።»

ሃሪ ወረቀቱን ተቀብሎ ያነበዋል። ሁለቱ የደብዳቤ ስንኞች ቤት ይመታሉ፤ ሌላ ምንም አይሠሩም።

«ተቆርጬ የምጣል ከሆነ» ትላለች «የራሴን ይዤ ልጣል።»

ወንበር ስቦ ይቀመጣል። የእንግዳ ተቀባዩን ዐረፍተ ነገር ይጽፋል፤ አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅበትም። ከዚያ ሁለቱን ስንኞች ይሰርዛል።

«በቦታቸው ምን ላድርግልሽ?»

«ምንም።»

«ዜማው ባዶውን ሊሄድ?»

«እስቲ ዝም በልና ስማኝ።»

ፊቷን ወደ ፒያኖው ታዞርና ከመጀመሪያው ትጀምራለች፤ ወደቡ፣ ጀልባው፣ ያልተመለሰው ሰው። የተሰረዙት ስንኞች ዘንድ ስትደርስ ከንፈሯን ትገጥማለች። ዜማው ያለ ቃል ከደረቷ ይወጣል። ሃሪ ቃል ሊያቀብላት አፉን ይከፍታል፤ መልሶ ይዘጋዋል።

በኮሪደሩ የሃቨርስቶ ጫማ ይሰማል። ሃሪ ተነስቶ ጀርባውን በሩ ላይ ያስደግፋል። እጀታው ከወገቡ ሥር ይዞራል፤ እንደገና ይዞራል። ኦዴሳ አትቸኩልም።