ዴስኮቹ ሲጫኑ

ርክክቡን ሊያዩ የመጡት እንግዶች ግራ እጃቸውን አንስተው መፈክር ካሰሙና መኪናቸውን ወደ ቦሌ ካዞሩ በኋላ፣ ፋብሪካው ለገርጂ ልጆች ትምህርት ቤት ያስረከባቸው አዳዲስ ዴስኮች ተመልሰው የጭነት መኪናው ላይ ይጫኑ ጀመር። ደሪቱ ዐይኗን ማመን አቃታት። የጤፍ ማሳዋ ለፋብሪካው ሲከለል ዝም ያለችው፣ ትንሿ ልጇ ከድንጋይ ላይ ተነሥታ ዴስክ ላይ ትማራለች ስለተባለ ነበር። ሄዳ አንዱ ላይ ቁጭ አለችና ነጠላዋን አጠበቀች።

«እናት፣ ይነሡ እንጂ» አለ የፋብሪካው ኃላፊ። «ከሰዓት ወሎ ሰፈርም ርክክብ አለብን። በኋላ እንመልሰዋለን።»

«መቼ? ሌላ እንግዳ ሲመጣ?»

ከቆሙት ወላጆች አንዳንዶቹ ሳቁ። ኃላፊው ግን ወደ ጫኞቹ ዞረ። «አንተ ጃራ፣ ና እናትህን አስነሣ። ሰኞ ሥራ መግባት ከፈለግህ።»

ጃራ መጥቶ ፊቷ ቆመ። ፋብሪካው ከቀጠረው ወር አልሞላውም፤ ቱታው ገና አዲስ ነበር። «እማዬ፣ ተነሽ እባክሽ» አለ መሬት መሬት እያየ።

ማሳዋን መውሰዳቸው ሳያንስ፣ አሁን ደግሞ በገዛ ልጇ እጅ ሊያስነሧት ነው። ቢሆንም የልጇን እንጀራ መዝጋት አልፈለገችም።

«እኔ አልነሣም፤ አንተም ሥራህን ሥራ» አለችው። «ዴስኩን ጫን ተብለህ የለ? ከነእኔ ጫነው። እዚያ ሲያጨበጭቡ፣ የማን ልጆች መቀመጫ እንደሆነ ቁጭ ብዬ እነግራቸዋለሁ።»

ጃራ ጓደኛውን ጠቀሰው። እናቱ እንደተቀመጠች ዴስኩን ግራና ቀኝ ይዘው ብድግ አደረጉት።