የአውራ ጣት ማር

«እማማ፣ ደብቁኝ! በማርያም!»

አንድ የማላውቀው ልጅ አጥሩን ዘሎ ጓሮዬ ወደቀ። እኔ ለነገ ዳባት ገበያ የማሩን እንጀራ በቢላዋ ስቆርጥ ነበር፤ እጄ ሁሉ በማር ተለውሷል።

«ማን ነው የሚያሳድድህ?»

«ያርጋል የሚሉት! ጩቤ ይዟል።»

ያርጋል የመጨረሻ ልጄ ነው። ታላላቆቹ አግብተው ወጥተዋል፤ እሱ ትምህርቱን ከተወ ወዲህ ውሎው ፑል ቤት ነው። ትናንት ግንባሩን በድንጋይ ተፈንክቶ መጣ። «አለነ የሚባል ልጅ ነው» አለኝ። ደሙን ያጠብሁለት እኔ ነኝ።

«አለነ አንተ ነህ?»

አተያየቴን አይቶ ገባው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«እናቱ ነዎት?»

እጄ ላይ ያለውን ቢላዋ ጠበቅ አድርጌ ያዝሁት። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ከውጭ የያርጋል ጓደኞች ይጮሃሉ። «ያርጌ፣ እናንተ ቤት ገባልህ! ወንድ ከሆንህ ዛሬ አሳየን!»

የጓሮው በር ተበረገደ። ቢላዋውን ጣልሁና የአለነን አገጭ ያዝሁ። ማር የነካ አውራ ጣቴን አፉ ውስጥ ከተትሁት።

«ጥባ!»

«እማማ…»

«ጥባ አልሁህ! በሥላሴ ስም፣ ይኸ ጡቴ ነው። ከዛሬ ጀምሮ የጡት ልጄ ነህ።»

ጠባው። ጥርሱ እየተንቀጠቀጠ ጣቴን ነከሰኝ።

ያርጋል ጩቤውን እንደያዘ ገብቶ ከፊታችን ቆመ። ግንባሩ ላይ ያሰርሁለት ጨርቅ በላብ ርሷል።

«እማ፣ ምን አደረግሽ?»

«አየኸኝ። ወንድምህ ነው። በል፣ ወንድምህን ውጋ።»

«የፈነከተኝ እኮ እሱ ነው!»

«አውቃለሁ። እሱን የምገርፈው እኔ ነኝ፤ አሁን ልጄ ነዋ።»

«ያርጌ!» አለ አንዱ ከውጭ። «ፈራህ እንዴ?» ሌሎቹ ሳቁ።

ያርጋል ወደ በሩ ዞረ፤ ደግሞ ወደኛ ዞረ። የአንገቱ ሥር ተገታትሯል። እመቤቴን በልቤ ጠራሁ።

ያርጋል አለነን ሳያየው፣

«ስንት ዓመትህ ነው?» አለው።

«ዐሥራ ስምንት።»

«እኔ ሃያ ነኝ። ታላቅህ ነኝ ማለት ነው። ተነሥና ሰላም በለኝ።»

አለነ የቤቱን ግድግዳ ተደግፎ ተነሣ። ያርጋል ጩቤውን ወደ ግራ እጁ አዞረና ቀኙን ዘረጋ።