ሕመሙ እስኪመጣ

«እዚህ ጋ ስነካዎትስ?» ትላለች ዶክተር ፒዮ፣ ከጆምሱን ቀኝ እግር ከሁለተኛዋ ጣት ትንሽ ከፍ ብላ በአውራ ጣቷ ጫን እያደረገች።

«ምንም።»

«እዚህስ?»

«ኧረ ምንም፣ ልጄ! ቆርጠሽ ብትወስጂውም አልሰማሽ።»

ጆምሱን ትስቃለች፤ ሳቁ ግን ከጥርሷ አያልፍም። ትናንት ያችን ቦታ ካልሲ ሲነካት እንኳ እንባዋ ዱብ ዱብ ይል ነበር። ሰባ አራት ዓመቷ ነው። ሃምሳ አምስቱን በጄጁ ደሴት ጠረፍ ትንፋሿን ይዛ እየጠለቀች የባሕር ቀንድ አውጣ ስትለቅም ኖራበታለች። ከትናንት ወዲያ ድንጋዩ ላይ ስታነክስ የጠላቂዎቹ አለቃ አየቻትና፣ «የሐኪም ወረቀት ሳታመጪ እግርሽ ውሃ እንዳይነካ» አለቻት፣ ያውም በሰው ፊት። ለቀማው የሚጀመረው ነገ ጠዋት ነው።

ዶክተሯ ራጁን አሳየቻት። «ስብራት አይታይም። ግን እማማ፣ አጥንትዎ በጣም ሳስቷል። እንዲህ የሳሳ አጥንት ሳይወድቁም፣ በመራመድ ብቻ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ደግሞ ሁለት ሦስት ሳምንት ራጅ ላይ ላይወጣ ይችላል። ስለዚህ ከራጁ ይልቅ የማምነው ሕመሙን ነው። ዛሬ ማስታገሻ ወስደዋል?»

«አልወሰድኩም።»

ጥግ ላይ የተቀመጠችው ኪርዬ ቀና ትላለች። ኪርዬ የባሕር ጓደኛዋ ናት፤ አርባ ዓመት ሙሉ አንዷ ስትጠልቅ ሌላዋ ከላይ ሆና ስትጠብቃት ኖረዋል። ሁለቱ ዓይን ለዓይን ይጋጫሉ። ያቺ ነጭ ዱቄት! ጠላቂ ሁሉ ወደ ባሕር ሳይወርድ ለራስ ምታት ምላሱ ላይ የሚያራግፋት፣ ማንም መድኃኒት ብሎ የማይቆጥራት። ጆምሱን ዛሬ ጠዋት ቤቷ አንድ፣ አውቶቡስ ስትጠብቅ ደግሞ አንድ ደግማለች፤ እንደ ቁርስ ነው የዋጠቻት። እግሯ ለምን ዝም እንዳለ አሁን ገባት፤ ክው አለች።

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አንስታ ወረቀቱን ወደ ራሷ ትስባለች።

ዝም ማለት ነው እንግዲህ። አንድ ፊርማ፣ ከዚያ ነገ ባሕር። ኪርዬም ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋለች። ጆምሱን ግን እስክሪብቶውን ታያለች። ነገ ወገቧ ላይ ወደ ታች የሚስባትን የእርሳስ ብረት ታጥቃ፣ በሚያዳልጠው ድንጋይ ላይ፣ በማይናገር እግር? ታላቅ እህቷ ማልኒዮ ታየቻት፤ መታጠቢያ ቤት ወድቃ ዳሌዋ የተሰበረ፣ ሦስት ዓመት በጀርባዋ ተኝታ፣ ልጇን «አንቺ ደግሞ ማነሽ?» የምትል። ሞትን እንዲህ ፈርታው አታውቅም፤ መተኛቱን ነው የፈራችው።

«ልጄ... ዱቄቷም ትቆጠራለች እንዴ?»

«የምን ዱቄት?»

«ወይ ጉድ! እትዬ፣ አፍሽን ምን ከፈተው?» ትላለች ኪርዬ።

ዶክተሯ ስንት እንደወሰደች ጠይቃ እስክሪብቶዋን ታስቀምጣለች። አትቆጣም፤ አለመቆጣቷ ነው ጆምሱንን ይበልጥ ያስፈራት።

«ኮሪደሩ ላይ ይቀመጡልኝ። ዱቄቱ ከሰውነትዎ ይልቀቅና ደግሜ እነካዎታለሁ። ካላመመዎት እፈርማለሁ። ካመመዎት ግን እግርዎን ድጋፍ ጫማ ውስጥ እናስገባዋለን፤ ስምንት ሳምንት ባሕር የለም፤ አጥንት የሚያጠነክረውንም መርፌ እንጀምራለን። በስንጥቁ ላይ ከዘለሉበት ለሁለት ይከፈላል። ከዚያ የሚወድቁት በዳሌዎ ነው።»

ኮሪደሩ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ጆምሱን ጫማዋን አውልቃ እግሯን ታየዋለች። ዕድሜዋን ሙሉ ከሕመም ስትሸሽ የኖረች ሴት፣ ዛሬ ቁጭ ብላ መምጫውን ትጠብቃለች። እንዳይመጣ ትለምናለች። ከዚያ ደግሞ፣ ስንጥቁ ኖሮ ዝም ቢልስ ብላ ትደነግጣለች።

«ባሌ ሲያመሽ እንኳ እንዲህ ጠብቄው አላውቅም» ትላለች ኪርዬ።

«ባልሽማ ምን ያስጠብቃል? ሽታው ቀድሞት ይመጣ የለ!»

ይሳሳቃሉ። ኪርዬ ወዲያው ጠጋ ትላታለች።

«እትዬ፣ ያላንቺ ከማን ጋር ነው የምወርደው? ከምራቴ ጋር? የሷ ትንፋሽ እንኳን ለለቀማ፣ ሻማ ለማጥፋትም አይበቃ። ቆይ፣ ዶክተሯን ምንም የለም በያት በቃ። ማን ያውቅብሻል?»

ጆምሱን የግድግዳውን ሰዓት ታያለች። ቀትር አልፏል። ዶክተሯ ስትጫነው በነበረው ቦታ ላይ የሆነ ሙቀት ነገር ተነስቷል፤ እንደ ትንሽ ፍም። ምናልባት የወንበሩ ነው፣ ምናልባት ደሟ ነው እያለች ራሷን ታባብላለች። ጣቶቿን አንዴ ታንቀሳቅሳለች። ሕመሙ ወስፌ የገባባት ያህል ቀጥ ብሎ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ይወጣል። አፏን በእጇ ትይዛለች።

«አሁንስ?» ትላለች ኪርዬ።

ጆምሱን እግሯን ወደ ወንበሩ ሥር ትሰበስባለች።

«እትዬ፣ አሁንስ?»

«ቡ ጆምሱን!» ብላ ነርሷ ከበሩ በሙሉ ስሟ ትጣራለች።

ጆምሱን ለመነሳት ትሞክርና መልሳ ትቀመጣለች። ከዚያ በአርባ ዓመት አንድም ቀን ያልጠየቀቻትን ትጠይቃታለች።

«ክንድሽን ስጪኝ።»

ኪርዬ ቀልዱ ሁሉ ጠፍቶባት ክንዷን ትዘረጋለች። ጆምሱን ቀኝ እግሯን ከወለሉ ከፍ አድርጋ፣ መላ ክብደቷን ጓደኛዋ ላይ ጥላ፣ በግራ እግሯ ብቻ እንጣጥ እያለች ወደ በሩ ትሄዳለች።