ሰባተኛው ምት

ጊታሪስቱ አዲሱን ድራመር ምኅረቱን ገና ሲያየው ነበር የናቀው። የቀድሞው ድራመራቸው ሟቹ ሲራክ ዕድሜውን የጨረሰበትን ፕሮግረሲቭ ሮክ፣ ያንን ምቱ የተወሳሰበ ሙዚቃ፣ ከሰርግ ቤት ለመጣ ሰው መስጠት ግፍ መሰለው። ነገ በሲራክ ሙት ዓመት ላይ ሊጫወቱት ነው፤ ምኅረቱ ግን ጊታሩ ከሰባተኛው ምት በኋላ የሚገባበት ቦታ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ከጊታሩ ጋር ይላተማል።

«እስክስታ አይደለም እኮ! መቁጠር አልተማርክም?»

«ቆጥሬ ነው ጋሼ።»

«የት? ድንኳን ውስጥ?»

ቤዝ ተጫዋቹ ግርማቸው «ተወው በቃ» ቢለውም አልሰማም።

«ድራም ምን እንደሆነ ሲራክ ራሱ ያስተምርህ» ብሎ፣ የሟቹ እናት ጠዋት የሰጡትን የልምምድ ካሴት ከፈተ። ሲራክ መቅረጫውን ከድራሙ አጠገብ አስቀምጦ የቀዳው ነው።

ሲራክ በቀስታ ይቆጥራል። «አራት፣ አምስት፣ ስድስት...» ሰባት ሳይል የጊታሪስቱ የራሱ ጊታር ዘሎ ገባ። ድራሙም አንዷን ምት ውጦ ደረሰበት።

«ይኸው፣ ዛሬም ቀደመ» አለ ሲራክ፣ በሹክሹክታ እየሳቀ። «ግርማቸው፣ ተከተለው። እንዳትነግረው ግን፣ አደራ።»

ግርማቸው አቀርቅሮ የቤዙን ክር ማጥበቅ ጀመረ።

ምኅረቱ ዱላዎቹን አነሳ።

«ጋሼ፣ እኔም ልከተልህ?»