ባቡሩን ያስቆመ ደብዳቤ

የካሚሳዋ የእንፋሎት ባቡር በደጉ ዘመን አራት ፉርጎ ሙሉ ጎብኚ ይዞ ሸለቆውን ይወጣ ነበር። ተራራው ተሸንቁሮ አውራ ጎዳናው ከተከፈተ ወዲህ ግን ሁለት ፉርጎ ቀረ፤ እሱም ግማሹ ባዶ ነው። የጣቢያዋ ኃላፊ ፉሳኤ ባዶዎቹን ወንበሮች በየጠዋቱ ትወለውላለች። ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ባል ሞቶባታል፤ ልጅ የላትም። ባቡሩ የቆመ ቀን እኔም አበቃልኝ ትላለች፤ ደግሞ ቀልዷን አይደለም።

ይህን ባቡር የመንዳት ፈቃድ ያለው በሸለቆው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የሰባ ሁለት ዓመቱ ሴኖ። በሰኔ ወር ቢሮዋ መጥቶ ቆቡን አውልቆ ቆመ።

«ፉሳኤ፣ በቃኝ። አሰናብችኝ።»

«ምን ሆኑ ጋሼ? እርስዎ ከወረዱ ማን ይነዳዋል?»

«ሰው አሠልጥኑ።»

«ሁለት ዓመት ይፈጃል። እስከዚያ እኛ የለንም።»

ሽማግሌው ሌላ ነገር ሊናገር ሲል ፉሳኤ ከወንበሯ ወርዳ ተንበረከከች፤ ግንባሯንም ወለሉ ላይ አኖረች። እንዲህ የለመነችን ሴት እምቢ ብሎ የሚወጣ ማን ነው?

«እሺ፣ ተነሺ» አለ ሴኖ። ይቅርታ እንደ መጠየቅ ሻይ ራሱ ቀዳላት፤ አውራ ጣቱን ስኒው ውስጥ ነክሮ።

«ሻዩን ከነጣትዎ ሊያጠጡኝ ነው?» ብላ ሳቀችበት። የዚያን ቀን ደስ ብሏት ዋለች።

በጥቅምት ከተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አንድ መርማሪ መጣ። ከቦርሳው ደብዳቤ አውጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋው። ስም የለውም። «ይህ ባቡር ሰው ሳይፈጅ አስቁሙት፤ ከውስጥ ሆኜ የማውቀውን ነው የምናገረው» ይላል። ፊደሎቹ ትልልቅ ናቸው፤ አንዱ በሌላው ላይ እየወጣ ወደ ጎን ይንሸራተታል።

«በግራ እጁ ጽፎት ነው» አለ መርማሪው። «ማንነቱ እንዳይታወቅ።»

ውሃው የሚፈላበት የባቡሩ ጋን፣ ቦይለሩ፣ ተፈታ። እንደተፈራው አንድ ቦታ ላይ ብረቱ ሳስቶ ተገኘ። ሊጠግነው የሚችለው ብቸኛ ፋብሪካ «ከዓመት በፊት አልደርስም» አለ። ወሬው ሲሰማ የተያዙት ወንበሮች ሁሉ ተሰረዙ። በትንሽ እሳት፣ ተራራውን ሳይወጣ እስከ ኅዳር መጨረሻ ይሂድ፣ ከዚያ ይዘጋ ተባለ። ፉሳኤ ለሦስት መሥሪያ ቤት አቤት አለች፤ ሦስቱም እያዘኑ መለሷት። ከዚያ በኋላ እህል አልበላ አላት።

ማን ጻፈው? ከውስጥ ያሉት እፍኝ ሰዎች ናቸው። ፉሳኤ ግን ብዙ አልደከመችም፤ ዓይኗ ያረፈው ከሰል ጨማሪው ዳይጎ ላይ ነው። ዳይጎ ታናሽ ወንድሟ ነው፤ እናታቸው ስትሞት እሷ ናት ያሳደገችው። በነሐሴ ከተማ ወርዶ ለአውቶቡስ ሹፌርነት ተፈትኖ እንደመጣ ሰምታለች።

ሥራው ላይም ተለውጧል። ባቡሩ የምልክት መብራት ጋ ሲደርስ ነጂውም እሱም በነጭ ጓንታቸው እየጠቆሙ ቀለሙን ጮክ ብለው ይጠራሉ፤ አንዱ ይጠራል፣ ሌላው ይደግማል። ዱሮ ቀድሞ የሚጠራው ሴኖ ነበር። አሁን ግን ዳይጎ እየተሽቀዳደመ «አረንጓዴ» ይላል፤ ሽማግሌው ከኋላ ይከተላል። ትልቅ ሰውን ቦታ መንሳት ምን ይሉታል? ልቡ ከሄደ ቆየ አለች ፉሳኤ።

አንድ ጠዋት ከሰል ክምሩ ጋ ያዘችው።

«አንተ ነህ የጻፍከው?»

«እታለም፣ እኔ አይደለሁም።»

«ለአውቶቡስ አልተፈተንክም?»

«ተፈትኛለሁ። ይሄ ሲዘጋ ምን ልብላ?»

«ሲዘጋ? እንደሚዘጋ በነሐሴ ማን ነገረህ?»

ዳይጎ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ሆድ ይፍጀው ብሎ አካፋውን አንስቶ ሄደ። ንጹሕ ሰው ዝም ይላል እንዴ? ፉሳኤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አላናገረችውም። የምሳ ዕቃ ስታድል የእሱን መሬት ላይ ታስቀምጥለታለች።

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። ዓመቱን ሙሉ ዝር ያላለ ሕዝብ ካሜራውን አንግቶ መድረኩን ሞላው። ለቀብር ሲሆን ማን ይቀራል? የሚያለቅሱም ነበሩ። ፉሳኤ የዚህ ሰው እኩሌታ በየወሩ ቢመጣ ኖሮ እያለች የእያንዳንዱን ትኬት ትበሳለች።

ባቡሩ ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። ሕዝቡ ተበተነ፤ የባቡሩ እሳት ጠፋ። ዳይጎ ሻንጣውን ይዞ ወረደና ለሴኖ ወገቡን ሰብሮ እጅ ነሳ። ከዚያ ወደ እህቱ መጣ።

«እታለም፣ ደህና ሁኚ።»

«የእናታችንን ደጅ እንዳትረግጥ» አለችው። «ብሞትም እንዳትቀብረኝ።»

ዳይጎ አንገቱን ደፍቶ አውቶቡሱ ወደሚቆምበት ሄደ። ፉሳኤ ሐዲዱ ዳር ተቀምጣ ያጠራቀመችውን ሁሉ አለቀሰችው። ሴኖ ከባቡሩ አልወረደም፤ ከመንጃው ወንበር ላይ ሆኖ ሲያዳምጣት ቆየ።

«የቤት ቀጋ» አለች ፉሳኤ። «አጉርሼ ያሳደግኩት ልጅ፣ ጋሼ፣ በግራ እጁ ጽፎ ገደለኝ።»

«በቀኝ እጄ ነው የጻፍኩት» አለ ሴኖ፤ «መስመሩ አልታይ ብሎኝ ነው።»