ስድስተኛው ሰው

ዴኒዝ ፕሩት አንድ ሰው ጎደላት።

በእኛ በአዮዋ ግዛት ሰሜን ጫፍ፣ ከሚኒሶታ ጋር በምንዋሰንበት፣ የፓርቲው ፕሬዚዳንታዊ እጩ የሚመረጠው በወረቀት አይደለም። በጥር ብርድ ሰው ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ይሰበሰብና በሚደግፈው እጩ ጥግ ይቆማል፤ እንደ ከብት ይቆጠራል። ከቀበሌያችን አርባ ሰው ገደማ ይመጣል። ስድስት ሰው ያላገኘ እጩ ጥጉ ይፈርስበታል። የዴኒዝ እጩ፣ ሴናተር ቴልፎርድ፣ አምስት ሰው ነበራቸው።

የዘመቻው አለቃ ደውሎ እቅጩን ነገራት፦ «ያቺ ቀበሌ ከወደቀች ቢሮሽን ቆልፈሽ ወደ አገርሽ ወደ ኦሃዮ።» ኦሃዮ የሚጠብቃት ሥራ አልነበረም። በዚያ ላይ ሴናተሩን ከልቧ ታምናቸዋለች፤ ይህ ደግሞ በዘመቻ ሠራተኛ ላይ እምብዛም የማይታይ ጠባይ ነው።

ምክር ፍለጋ ማርዲስ ምግብ ቤት ገባች። ማርዲስ ያገሩን ሰው ቁርስ ስታበላ ሠላሳ ዓመቷ ነው፤ ያገሩን ምስጢር ታውቃለች።

«ኦርሊንን አነጋግረሽዋል?» አለች ማርዲስ።

«ማነው ኦርሊን? የመራጮች ዝርዝሬ ላይ የለም።»

«እሱ ደግሞ መቼ ዝርዝር ላይ ተገኝቶ ያውቃል! ቤቱ በሰሜኑ መንገድ መጨረሻ ነው። እስካሁን ለማንም ቃል አልገባም።»

ቁርስ የሚበሉት ገበሬዎች ፊታቸውን ሰሃናቸው ውስጥ ቀበሩ። ዴኒዝን ዝርዝሩ አላስጨነቃትም፤ የአዮዋ ነዋሪ የሆነ ሁሉ በዕለቱ በር ላይ ተመዝግቦ መግባት ይችላል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ወዲያው መኪናዋን አስነሳች።

ኦርሊን ሃግስትሮም የሰባ አንድ ዓመት ሽማግሌ ነው። በመስከረም ከመሰላል ወድቆ ዳሌውን ሰብሯል። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ሠላሳ ጥጆች ግን አሉት። ጎረቤቶቹ ተራ ገብተው ሲመግቡለት ከርመው ታክቷቸዋል። በክራንች እያነከሰ በሩን ከፈተላት።

«ሴናተር ቴልፎርድ ስለ ገጠሩ ሕዝብ…» ብላ ጀመረች።

«እሱን ትነግሪኛለሽ፣ የኔ ልጅ። መጀመሪያ ግን ጥጆቼ ተርበዋል።»

መገበች። የበረቱ በር የሐምሌው አውሎ ነፋስ አምጥቶ ግቢው ከጣለለት ሰፊ ቆርቆሮ የተሠራ ነው፤ ከውጭ ሆና በላዩ አሳልፋ መኖውን ትገለብጣለች። በማግስቱም መጣች። ሦስት ሳምንት ሙሉ በየጠዋቱ መጣች።

አንድ ነገር ግን አንገበገባት። የቀበሌያችን የበረዶ መጥረጊያ መኪና የኦርሊን ደጃፍ ሊደርስ መቶ እርምጃ ሲቀረው ሁልጊዜ ዞሮ ይመለሳል።

«ሁሌም እንዲህ ነው የሚያደርጉዎት?»

«መንገዱ ከተሠራ ጀምሮ።»

«በቀበሌው ስብሰባ ላይ ተነሥተው አቤት ብለው አያውቁም?»

«ሄጄም አላውቅ።»

«ለምን?»

«ማን ጠርቶኝ!»

ዴኒዝ ወዲያው ይህንኑ ለአለቃዋ ጻፈች፤ አለቃዋ ለሴናተሩ አደረሰ። ሴናተሩም በቴሌቪዥን ቀርበው፦ «እዚህ አዮዋ ውስጥ የበረዶ መጥረጊያ እንኳ ደጁ ሲደርስ ፊቱን የሚያዞርበት አንድ ገበሬ አለ። ስሙ ኦርሊን ይባላል» አሉ። ማርዲስ ቤት ይህን ያየ ሁሉ እንባው ፈሰሰ። አንዱ ጠረጴዛውን እየደበደበ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ወደ ውጭ ወጣ። ዴኒዝ ያገሩ ሰው እንዲህ ለጎረቤቱ ማዘኑን አይታ ልቧ ሞላ።

ችግሩ ራንዲ ነበር። ራንዲ የተፎካካሪው እጩ የዊትሎው ሰው ነው። አንድ ቀን ወደ ማታ ከኦርሊን ግቢ ሲወጣ አየችው፤ ጫማው እበት በእበት ሆኗል።

«ይሄ ሰውዬ ድምፄን ሊሰርቀኝ ነው!» አለች ለማርዲስ።

«ምን ይሰርቅሻል? ጠዋት አንቺ፣ ማታ እሱ። ዴሞክራሲ እኮ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ዴኒዝ እንጨት መፍለጥ ጨመረች። ራንዲ ጣራውን ጠገነ። ዴኒዝ ወጥ ሠርታ ወሰደች። ራንዲ ልብሱን አጠበ። ኦርሊን ሁለቱንም እኩል አመሰገነ፤ ሁለቱም ሰውዬው ወደ ሌላው ማዘንበሉን እርግጠኛ ሆኑ።

የስብሰባው ዕለት ምሽት ሠላሳ ስምንት ሰው አዳራሹ ገባ። በዴኒዝ ጥግ አምስት ሰው ቆመ። በሩ ሊዘጋ ግማሽ ሰዓት ቀረው። ኦርሊን የለም። ዞር ብላ አየች፤ ራንዲም የለም።

ደሟ ፈላ። በዚያ በረዶ መኪናዋን እያንሸራተተች ኦርሊን ቤት ደረሰች። ኦርሊን ብርድ ልብስ ለብሶ በመስኮት እጁን አውለበለበላት። በበረቱ ውስጥ የባትሪ መብራት ይታያል።

«የት ልትወስደው ነው አንተ!» ብላ ጮኸች።

ራንዲ የሾለከ ጥጃ ሊመልስ ገብቶ በሩን ከኋላው ዘግቷል። አሁን ባልዲውን እንዳንጠለጠለ በሩ ላይ ባትሪ እያበራ ፈዞ ቆሟል።

ዴኒዝ አጥሩን ዘላ ገባችና አጠገቡ ቆመች። በሦስት ሳምንት ውስጥ ያንን ቆርቆሮ በውስጥ በኩል አይታው አታውቅም። በትልልቅ ነጭ ፊደላት ተጽፎበታል፦

«ወደ ሚኒሶታ ግዛት እንኳን ደህና መጡ።»