ጠበል የገባበት ማሞቂያ

እየተዘዋወሩ የሚያክሙ ሐኪሞች ተጎታች ቤት ሞጣ ከተማ በገባች በሦስተኛው ቀን ውስጧ ሕፃን ተወለደ። «ደምለው፣ ሙቅ ውኃ ቶሎ!» አለች ነርሷ። ሾፌሩ ደምለው ጠዋት የማሞቂያውን በርሜል አጥቦ አድርቆት ነበር፤ ባዶውን ከተለኮሰ ይቃጠላል። ባልዲውን ይዞ መክደኛውን ቢከፍተው ግን እስከ አፉ ድረስ ውኃ ሞልቷል።

«እኔ ነኝ የጨመርኩበት» አሉ የወላዷ እናት ወይዘሮ ይርጋነሽ። «የጊዮርጊስ ጠበል ነው፤ ምጡ እንዲቀልላት ብዬ።»

ደምለው ክብሪቱን እንደያዘ ቀረ። ቢያፈስሰው ጠበል ሊረገጥ ነው፤ ከሥሩ ያለውን የጋዝ ምድጃ መለኮሱን ደግሞ እጁ አልደፍር አለ። ሕፃኑ በብርድ እየተንዘፈዘፈ ያለቅሳል። ወይዘሮ ይርጋነሽ አማትበው ክብሪቱን ከእጁ ወሰዱና ጫሩት።

«በል ጋዙን ክፈተው ልጄ፤ ከጊዮርጊስ ጋር እኔ እታረቃለሁ።»